የገበሬ ሚስት በክፉው ቀን
ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ስለ ሆነው ክፉ ቀን ሲተረክ፥ የበሬው እልቂትና የገበሬው ጭንቀት ይነሣል፤ የሚስቱ ግን እምብዛም አይነሣም። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ሲፈጅ እርሻው ቆመ፤ ላሚቱም ስትሞት ለልጆች ወተት፥ ውሎ አድሮም ለምጣዱ ኩበት ታጣ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ተጽፎ ይገኛል፤ ከባልዋ ጋር ስትቆፍር ውላ ማታ እንስራ አዝላ ወንዝ የወረደችውን ግን ማን ጻፋት? እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎችም በባልና በሚስት ክርክር በሬና ላም እንቆጥራለን እንጂ የወፍጮዋን ድካም አንመዘግብም። ጥቂት እህል የተገኘ እንደ ሆነ፥ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ መጁን ስትይዝ ሌላ ጭንቅ ይጠብቃት ነበር፤ ብትፈጨው ለከርሞ ዘር የለም፥ ባትፈጨው ልጅዋ ለከርሞ አይደርስም።