የሆያ ሆዬ ልጆች ደኅንነት

ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ሌላው ስሙ ነው። በዋዜማው ወንዶች ልጆች ዱላቸውን ይዘው፣ በአንድ አውራጅና በብዙ ተቀባዮች እየጨፈሩ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ፤ ባለቤቶቹም ሙልሙል ዳቦ ወይም ጥቂት ገንዘብ ይሰጧቸዋል። እናንተ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ምናልባት ይህን ጨዋታ ትታችሁት ይሆናል። ታናናሾቻችሁ ግን ገና አልተዉትም፤ በደኅና ወጥተው በደኅና እንዲመለሱ ማድረግ የእናንተ ድርሻ ነው።

ብዙ ወላጆች የሚሠጉት የማያውቁትን ሰው ቤት ነው። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ልጆቹ ከደጅ ሆነው ይጨፍሩ እንጂ ወደ ውስጥ አይግቡ፤ ስጦታውን እንዲያመጣም አንድ ሕፃን ለብቻው አይላክ። ይሁን እንጂ ይበልጥ የሚያሠጋው በሁለት ደጆች መካከል ያለው መንገድ ነው። በሰሜን አሜሪካ ልጆች ሃሎዊን በሚባለው በዓል፣ ኦክቶበር 31 ቀን ማታ፣ ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ለመሰብሰብ በየቤቱ ይዞራሉ። የ42 ዓመት መዝገብ መርምሮ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዩናይትድ ስቴትስ በዚያ ምሽት እግረኞች በመኪና ተገጭተው የመሞታቸው አደጋ ከሌሎች ተቀራራቢ ምሽቶች በ43 በመቶ ይበልጣል። ከ4 እስከ 8 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ደግሞ ዐሥር እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

በአሶሳ ነገሩን የሚያከብደው ወቅቱ ነው። ነሐሴ ዝናብ የሚበረታበት ወር ስለሆነ የመንገዱ ዳር ቦይ በጎርፍ ይሞላል፤ ሣሩም ስለሚያድግ እባብ ይሸሸግበታል። ደመና ከጣለ ቶሎ ይጨልማል። በጭቃ ላይ የሚነዳ ባጃጅ እንደ ልብ አይቆምም፤ ነጂውም ጥቁር ልብስ የለበሰውን ልጅ የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ጭፈራው ገና በብርሃን ይጀመር፤ ልጆቹ ነጭ ይልበሱ፤ ባትሪ ይያዝ፤ ጉዞውም የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዞ፣ ከፊት የሚመጣውን እያዩ ይሁን።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የአውራጁ ንቃት ነው። ዕድሜው ከፍ ያለ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ልጅ ያውርድ። ከእያንዳንዱ ደጅ ሲነሡ ጓደኞቹን ይቍጠር፤ አስፋልት ሲሻገሩም ዘፈኑን ያቋርጥ፤ የሚጮኽ ልጅ የሞተር ድምፅ አይሰማምና። በአሶሳ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ስለሚኖር፣ በዓሉን የማያከብር ቤት ሲያጋጥም ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ ጨዋነት ነው። በሰው ደጅ ሙጥኝ ማለት ጠብ ከመጥራቱም በላይ ያስመሻል።

ስለ ጅራፍና ስለ ችቦም ጥቂት ማለት ይገባል። ጅራፍ ዓይን ያጠፋል፤ የሚያጮኸው ልጅ ከሌሎቹ ርቆ ይቁም። ችቦን ትልቅ ሰው ይያዝ እንጂ ለሕፃን አይሰጥ። ምናልባት ልጅ ቢቃጠል፣ ቁስሉን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ፊቱ ወይም እጁ ከተቃጠለ፣ ወይም ቁስሉ ከመዳፉ ከሰፋ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።