ያውቁ ኖሯል? በፖከር ውድድር ቺፕዎ እጥፍ ሲሆን ገንዘብዎ እጥፍ አይሆንም!

በፖከር ውድድር እጅግ ጥንቃቄ የሚሻው ሰዓት፣ አንድ ሰው ብቻ ባዶ እጁን ወጥቶ የቀሩት ሁሉ የሚሸለሙበት ዋዜማ ነው። ሦስት ተጫዋቾች እኩል ቺፕ (የመወራረጃ ምልክት) ይዘው ቀሩ እንበል። አንደኛ የወጣ 700 ዶላር፣ ሁለተኛው 300 ዶላር ያገኛል፤ ሦስተኛው ምንም የለውም። የእያንዳንዳቸው ድርሻ፣ ማለትም በአማካይ ሊያገኙት የሚጠበቀው ገንዘብ፣ አሁን 333 ዶላር ገደማ ነው። ሁለቱ ያላቸውን በሙሉ አስይዘው ቢጋጠሙ የአሸናፊው ቺፕ እጥፍ ይሆናል፤ ድርሻው ግን 567 ዶላር ላይ ይቆማል። ተሸናፊው ምንም አያገኝም። በጨዋታው ያልገባው ሦስተኛው ተጫዋች፣ ዝም ብሎ በማየቱ ብቻ፣ ከ333 ወደ 433 ዶላር ከፍ ይላል! ስለዚህ ግጥሚያው የሚያዋጣው የማሸነፍ ዕድሉ ከ59 በመቶ ገደማ ሲበልጥ ነው። ሃምሳ በሃምሳ ዕድል እዚህ ቦታ ግልጽ ኪሳራ ነው፤ ብዙ ጥሩ ተጫዋቾችም የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው።

የዚህ የድርሻ ስሌት መነሻ የፈረስ እሽቅድምድም ነው። ዴቪድ ሃርቪል በ1973 እ.ኤ.አ. ከፈረሶች የማሸነፍ ዕድል ተነስቶ ሁለተኛና ሦስተኛ የመውጣት ዕድላቸውን የሚገምት ቀመር አሳተመ፤ ሜሰን ማልሙዝ ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. ያንኑ ቀመር ለፖከር በራሱ ደረሰበት። ቀመሩ የሚቆጥረው ቺፕንና ሽልማትን ብቻ ነው፤ የተጫዋቹን ችሎታ አያውቅም።