ክርስቲያን ስለ ገዛ ሰውነቱ ያለበት አደራ፦ የአቃቂ ቃሊቲ ሠራተኛ ኑሮ ሲታይ

በአገራችን ስለ ሌላው ሲል የተጎዳ ሰው ይመሰገናል፤ ጤናውንና ዕረፍቱን የሚጠብቅ ግን ብዙ ጊዜ «ሥጋውን ወዳድ» ተብሎ ይታማል። ይህ ሐሜት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምራ ጾምን፣ ስግደትንና ትሕርምትን ስታስተምር ኖራለች። ነገር ግን ሥጋን መግራትና ሥጋን ማጥፋት አንድ አይደሉም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት ነው፤ ለምሳሌነትም በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘውን የአቃቂ ቃሊቲን የሥራ ኑሮ እንወስዳለን።

አቃቂ ቃሊቲ ቀድሞ የጅቡቲ ባቡር ያልፍበት የነበረ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች የተተከሉበት ሰፈር ነው። ገበሬ በእርሻና በአጨዳ ጊዜ ይደክማል፤ እህሉን ካስገባ በኋላ ግን ጥቂት ያርፋል፤ የበዓላት ቀንም ከሞፈርና ከቀንበር ይለየዋል። የፋብሪካ መኪና ግን ሌሊትና ቀን አይለይም፤ ሰውም በፈረቃ ይከተለዋል። ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች እናት ጧት ቤቷ ስትገባ ልጅ፣ ምጣድና የውኃ ጀሪካን ይጠብቋታል። በአገር ቤት ያሉ ወላጆችም ገንዘብ ይጠብቃሉ፤ የዕድር ለቅሶም አለ። ይህች እናት ይህን ሁሉ የምታሟላው ከእንቅልፏና ከምግቧ እየቀነሰች ነው። እንግዲህ ሃይማኖቷ ምን ይላታል?

አንደኛ፣ ባልንጀራን መውደድን የሚያዝዘው ሕግ መለኪያ ያደረገው ሰው ለራሱ ያለውን ፍቅር ነው። መለኪያው ከጠፋ የሚለካውም ይጠፋል። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 እንደምናነበው ነቢዩ ኤልያስ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ እንደ ገና ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ወደ ኮሬብ የሚያደርሰውን የአርባ ቀን መንገድ የሄደው ከዚህ በኋላ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ ለምግብ እንኳ ጊዜ ያጡትን ሐዋርያት ለብቻቸው እንዲያርፉ ወደ ምድረ በዳ ወሰዳቸው። ሕዝቡ ተከትሎ በመጣ ጊዜ ግን ራርቶ አስተማረ፤ የተራቡትንም አበላ። ስለዚህ ዕረፍት ከችግረኛ መሸሻ አይደለም፤ ችግረኛን ለመርዳት ኀይል የሚሰበሰብበት ነው።

ከመነኮሳት ሁሉ ቀድሞ የሚነሣው አባ እንጦንስ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። በአባቶች ዜና እንደሚነገረው፣ አንድ አዳኝ አባ እንጦንስን ከወንድሞች ጋር ሲጫወት አይቶ ተሰናከለ። አረጋዊውም ቀስቱን እንዲለጥጥ፣ ደግሞም እንዲጨምር፣ አሁንም እንዲጨምር አዘዘው። አዳኙ «ከልክ በላይ ከለጠጥሁት ይሰበራል» ባለ ጊዜ፣ የወንድሞችም ነገር እንዲሁ መሆኑን አስረዳው።

ሁለተኛ፣ ዕረፍት የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 የሰንበት ትእዛዝ ለጌታው ብቻ ሳይሆን ለአገልጋዩ፣ ለገረዱና ለበሬው ጭምር የተሰጠ ነው። በአገራችን የቅዳሜ ሰንበት መከበር በ14ኛው መቶ ዓመት በአባ ኤዎስጣቴዎስና በደቀ መዛሙርቱ ምክንያት ብርቱ ክርክር አስነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጸደቀ። ዛሬም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛም በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ይደነግጋል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። እንግዲህ ዕረፍቱን የሚጠይቅ ሠራተኛ ሰነፍ አይባልም፤ የሚከለክል አሠሪ ግን ሕግንም ትእዛዝንም ይተላለፋል።

ሦስተኛ፣ ሕክምናን የሚመለከት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን ማክበርን ያስተምራል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር ነው ይላል። ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይወስዳል። በሽተኛው ገና በሁለተኛው ወር ሻል ሲለው ወይም ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ፣ በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ሊመለስና በአንዲት ጠባብ ክፍል አብረውት ወደሚያድሩት ሊተላለፍ ይችላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ጾምም እንዲሁ ነው፤ የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ የጾሙ ልክ ይቀልለታል። በተለይ የስኳር በሽታ ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ሳያማክር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ቢል ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ሆኖም ሁሉን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መጣል አይገባም። የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል፤ በዳርቻውም አትክልት በዚያው ውኃ ይለማል። አንዲት እናት ጎመኑን ደኅና አድርጋ ብታጥብም ወንዙን ብቻዋን ልታጠራው አትችልም። ይህ የማኅበርና የመንግሥት ሥራ ነው።

«ይህ ትምህርት ለምቾት በር አይከፍትምን?» የሚል ይኖራል። በእኛ አስተያየት መለያው ቀላል ነው። ሰው ለራሱ ያደረገው ጥንቃቄ ነገ ለቤቱ፣ ለጎረቤቱና ለጸሎቱ የበለጠ ካበቃው አደራን መጠበቅ ነው፤ ከእነርሱ ካራቀው ግን ፈንጠዝያ ነው። ሌሊት ስትሠራ ላደረች እናት ግን ምክር ብቻውን እንቅልፍ አይሆናትም። ባል ምጣዱን፣ ጎረቤት ልጁን ለሦስት ሰዓት ቢረከቧት፣ የሰንበቴ ማኅበርም ለዚህ ተራ ቢያወጣ፣ ትእዛዙ በሥራ ተፈጸመ ማለት ነው።