የፒፓ አጫሹ መሳቢያና የነጋዴው መዝገብ

ደንበኛ የወደደውን ይዞ ሳለ አዲስ ቅይጥ የሚሻው ስለ ምንድን ነው?

በንግድ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ሁሉ ዘወትር የሚያስቸግረው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ደንበኛው አንድን ዕቃ ወዶና አመስግኖ ለብዙ ጊዜ ሲገዛ ከቆየ በኋላ፣ ዕቃው ሳይበላሽ፣ ዋጋውም ሳይጨምር፣ ድንገት ዘወር ብሎ ሌላ ዓይነት የሚጠይቅበት ምክንያት ነው። አንዳንዱ ነጋዴ ይህን እንደ ክዳት ይቈጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ የገበያ ጠባይ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ነገሩ ተመርምሮ ቢታይ ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለሱቁም የሚጠቅም ትምህርት ይገኝበታል ብዬ ስለማምን፣ ይህ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ ከሚታይባቸው ገዢዎች፣ ማለት ከፒፓ አጫሾች፣ ምሳሌ ወስጄ ጥቂት ለመጻፍ ተነሣሁ።

ፒፓ ማጨስ በአገራችን የብዙ ሰው ልማድ አይደለም። ይህም ጽሑፍ ማንንም ሰው ወደ ትምባሆ ለመሳብ የታሰበ አለመሆኑን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ፤ ስለ ጉዳቱም በቦታው እናገራለሁ። ምሳሌውን የመረጥሁት በቅርብ ስላየሁት ነው።

ለብዙ ዓመታት በጸሐፊነት ያገለገልኋቸው ነጋዴ በወጣትነታቸው ለትምህርት ሎንዶን በነበሩ ጊዜ ፒፓ ማጨስ ለምደው ነበር። «እኔ የማጨሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው» ማለት ይወዱ ነበር። ይሁን እንጂ ማኅተም ለመፈለግ የጽሕፈት ጠረጴዛቸውን የታችኛውን መሳቢያ በከፈትሁ ቊጥር ሰባት ወይም ስምንት ቆርቆሮ አገኝ ነበር፤ አንዱ ገና ያልተከፈተ፣ አንዱ ከግማሽ የደረሰ፣ አንዱም አንድ ጊዜ ብቻ ተቀምሶ የተተወ። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወዳጅ በተገኘ ጊዜ ደግሞ «ያንን የእኔን አምጣልኝ፤ አዲስ የወጣ ካለም አንድ ጨምርበት» ይሉታል። እንግዲህ የጽሑፌ ጉዳይ ይህ «አንድ ጨምርበት» የሚለው ቃል ነው።

በመጀመሪያ የፒፓ ትምባሆ እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር አንድ ወጥ ነገር አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ በርበሬያችን ልዩ ልዩ ነገር ተመጥኖ የሚዘጋጅ ቅይጥ ነው። ቨርጂኒያ የሚባለው ቅጠል ጢስ ሳይነካው በጋለ ቤት ውስጥ በሙቀት ብቻ ይደርቃል፤ ስኳሩ በውስጡ ስለሚቀር ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ ለሚስበው ሰው ምላስ ያቃጥላል። በርሊ የሚባለው ደግሞ በጥላ ሥር ነፋስ እየነካው የሚደርቅ ሲሆን ስኳሩ አነስተኛ ነው፤ ሌላ ጣዕም ሲጨመርበት ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ይመጠዋል። ነጭ በርሊ የሚባለው ዓይነት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1864 በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ነው። ከመቄዶንያ፣ ከግሪክና ከቱርክ አገር የሚመጣው የምሥራቅ ቅጠል ትንንሽ ነው፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ የሚፈለገውም ለመዓዛው ነው።

ከእነዚህ ሌላ ሁለት እንደ ቅመም የሚቈጠሩ አሉ። አንደኛው ስሙን ከሶርያ ወደብ ያገኘው ላታኪያ ነው፤ ዛሬ በገበያ የሚገኘው አብዛኛው ከቆጵሮስ የሚመጣ ነው። እናቶቻችን የወተት ዕቃውን በወይራ እንደሚያጥኑት ሁሉ፣ ይህም ቅጠል በመዓዛማ እንጨትና ቊጥቋጦ ጢስ እየታጠነ እስኪጠቊር ድረስ ይቆያል። ሁለተኛው በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት ሴንት ጄምስ በሚባል ወረዳ ብቻ የታወቀው ፔሪክ ነው። ይህ በውስኪ በርሜል ውስጥ በኀይል ተጨፍልቆ አንድ ዓመት ያህል በገዛ ጭማቂው ይብላላል፤ ኀይለኛም ስለሆነ እንደ ሚጥሚጣ በጥቂቱ ብቻ ይጨመራል። ቀማሚው እነዚህን አምስት ቅጠሎች በመጠን እያለዋወጠ፣ አንዱን በቀጭኑ እየከተፈ፣ ሌላውን እየተጫነና እያፈላ፣ በመቶ የሚቈጠር ቅይጥ ያወጣል። እንግዲህ አንድ ቅይጥ የወደደ ሰው የወደደው አንድ ዕቃ ሳይሆን አንድ ምጣኔ ነው፤ ምጣኔው ጥቂት ቢዛወር ደግሞ የበለጠ የሚያስደስት ይገኝ እንደ ሆነ ማሰቡ አይቀርም።

አጫሹ አዲስ ቅይጥ የሚሞክርበት የመጀመሪያው ምክንያት የቅጠሉ ጠባይ ነው። ትምባሆ የእርሻ ፍሬ ነው፤ ዝናሙና ፀሐዩ እንደ ዓመቱ ስለሚለያይ የአምናው ምርት ከዘንድሮው ጋር በፍጹም አይተካከልም። ቆርቆሮውም ከተከፈተ በኋላ እርጥበቱ እየቀነሰ ሲሄድ ጣዕሙ ይለወጣል። ሳይከፈት ብዙ ዓመት የተቀመጠው ደግሞ ልክ እንደ ጠጅ እየበሰለ ይለሰልሳል። ስለዚህ «እኔ አልለውጥም» የሚለው አጫሽ እንኳ ትምባሆው ራሱ ይለወጥበታል።

ሁለተኛው ምክንያት የአፍንጫ ልማድ ነው። ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው ሽታ ነው፤ አፍንጫም የለመደውን ሽታ ቀስ በቀስ መስማት ይተዋል። የበርበሬ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ እኛን የሚያስነጥሰንን ሽታ ልብ የማይለው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 እነ ባርባራ ሮልስ በኦክስፎርድ ያደረጉት የምግብ ጥናት ይህን የመሰለ ነገር አሳይቷል፤ ሰው አንድን ምግብ በልቶ በጠገበ ጊዜ የዚያ ምግብ ደስታ ሲቀንስበት፣ ያልቀመሰው ምግብ ደስታ ግን ያን ያህል አይቀንስም። ጥናቱ ስለ ምግብ እንጂ ስለ ትምባሆ አይደለም፤ ሆኖም ከአጫሾች አኳኋን ጋር ይስማማል። አንድ ወር ሙሉ ላታኪያ ያጨሰ ሰው መዓዛው ጠፋብኝ ብሎ ወደ ቨርጂኒያ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ላታኪያው ሲመለስ የጠፋው መዓዛ ተመልሶ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ተስፋ ነው። አብዛኛው አጫሽ ከረጅም ጊዜ በፊት በአንድ መልካም ቀን፣ ከአንድ መልካም ወዳጅ ጋር ያጨሰውን አይረሳም። አዲስ ቆርቆሮ በከፈተ ቊጥር የሚፈልገው ያንን ቀን ነው። ቀኑ በቆርቆሮ ውስጥ ስለማይገኝ ፍለጋው አያልቅም። ቀማሚዎችም ይህን በሚገባ ስለሚያውቁ ለቅይጦቻቸው የማለዳና የመኝታ ሰዓት ስም ሲሰጡ ኖረዋል፤ ያን ጊዜ አንድ ቆርቆሮ ይበቃው የነበረ ሰው ለጧቱና ለማታው ሁለት ይገዛል። ከዚህም በላይ አዲስ ፒፓ ብዙ ገንዘብ ሲጠይቅ አንድ ቆርቆሮ ትምባሆ የሚጠይቀው ጥቂት ስለሆነ፣ መሞከሩ ኪስን ብዙ አይጐዳም። ይሁንና አንድ እውነት መሸፈን አይገባም፤ አጫሹን ወደየትኛው ቆርቆሮ እንደሚሄድ የሚመራው መዓዛው ቢሆንም፣ ወደ ፒፓው ራሱ የሚመልሰው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ነው።

ይህን የገዢ ጠባይ ከተረዱት ነጋዴዎች አንዱ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ደንሂል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 በሎንዶን ከተማ በዱክ ስትሪት የትምባሆ ሱቅ ከፈተ። በሱቁም «የእኔ ቅይጥ» የሚባል መዝገብ ነበረ። ደንበኛው እንደ ፍላጎቱ የተቀመመለት ምጣኔ በቊጥር ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ተመልሶ በመጣ ጊዜ፣ ወይም ከሩቅ አገር በጻፈ ጊዜ፣ ያው ምጣኔ ይዘጋጅለታል። ከእነዚህም ቅይጦች ቊጥር 965 የሚባለው በዓለም ታወቀ። ብልኀቱን ልብ በሉ፤ ደንበኛው ሊለዋወጥ እንደሚችል ነጋዴው ዐወቀ፤ ነገር ግን የለዋወጠው ሁሉ በመዝገብ ስለሚገኝ፣ መመለስ በፈለገ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ይቆየዋል።

ይሁን እንጂ ስም ከሠሪው ይልቅ ዕድሜ አለው። የደንሂል ቅይጦች ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በቤልፋስት ተሠሩ፤ ያ ፋብሪካ በ2005 ሲዘጋ ሥራው ወደ ዴንማርክ ተዛወረ፤ በ2018 ደግሞ በደንሂል ስም መሸጣቸው ቀርቶ በተከታዩ ዓመት ፒተርሰን በሚባል ስም ወጡ። ይህ በግልጽ የሆነ ነው፤ ገዢውም ዐውቆ ይገዛል ወይም ይተዋል። የከፋው ግን ስሙን እንደ ያዙ ዕቃውን በስውር መለወጥ ነው፤ ይህን ለመናገር ደግሞ የሌላ አገር ነጋዴ መውቀስ አያስፈልገኝም፤ በእኛው ቤት ሆኗልና።

ድርጅታችን በዋሽንግተን ላሉ ኢትዮጵያውያን ባለሱቆች የተዘጋጀ በርበሬ ይልክ ነበር። ዛላው የማረቆ ነበር፤ ቀለሙም ተወዳጅ ነበር። አንድ ዓመት የማረቆ ዛላ በጣም ስለተወደደ፣ ግማሹ ከሌላ ቦታ በርካሽ ተገዝቶ በዚያው ከረጢት፣ በዚያው ስም ተላከ። አሠሪዬም «ቅመሙ እስካልጐደለ ድረስ ማን ያውቃል?» አሉ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ባለሱቅ «ሴቶቹ ወጡ እንደ ድሮው አይቀላም ይላሉ፤ የለወጣችሁት ነገር አለን?» ብሎ ጻፈ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም የሚል መልስ እንዲሄድ ታዘዘ። ያን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የሚቀጥለው ትእዛዝ በግማሽ ቀነሰ፤ አሠሪዬም ነገሩን ለደንበኞች ዐመል ሰጡት።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጃቸው ያንን «የእኔ» የሚሉትን ቆርቆሮ ከውጭ አገር ይዞላቸው መጣ። ከፈቱት፣ ፒፓቸውን ሞሉ፣ ለኰሱ፤ ሁለት ጊዜ ከሳቡ በኋላ አራገፉት። «ይህ የእኔ አይደለም። ስሙን አስቀርተው ነገሩን ለውጠውታል፤ የማላውቅ መስሏቸው ነው?» አሉ። እኔ ዝም አልሁ። የዋሽንግተኑ ፋይል በጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እርሳቸውም አዩት። ጥቂት ቆይተው «ያን ደብዳቤ እንደገና እንጽፈዋለን» አሉ።

ሁለተኛው ደብዳቤ የሆነውን ሁሉ በግልጽ ተናገረ፤ የዋጋውን ልዩነትም ከሚቀጥለው ሒሳብ ላይ እንቀንሳለን አለ፤ የማረቆው በቀድሞ ስሙና በተጨመረው ዋጋ፣ ሌላው ደግሞ በራሱ ስምና በርካሽ እንደሚቀርብ አስታወቀ። ከባለሱቆቹ አንዱ ወደ ቀድሞ ትእዛዙ ተመለሰ፤ ሁለቱንም ዓይነት ወሰደ። ሌላው ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጻፈልንም።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ይህን ነው። ለመሞከር የሄደ ደንበኛ ይመለሳል፤ ተታልሎ የሄደ ግን መንገዱን ይረሳል። ስለዚህ ነጋዴ የቀድሞውን ዕቃ በጠባዩ ጠብቆ ያቆይ፤ አዲሱን በጥቂት በጥቂቱ አስመጥቶ ከአጠገቡ ያስቀምጥ፤ ምርት ወይም ሠሪ ሲለወጥ ደንበኛው ከመጠየቁ በፊት ይንገር፤ እያንዳንዱ ደንበኛ ምን ወስዶ ምን እንዳለ በመዝገብ ይጻፍ። መዝገቡ ውድ አይደለም፤ አንድ ደብተርና የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ይበቃል።

ስለ ትምባሆው ራሱ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። የአሜሪካ የጤና ባለ ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ዘገባ ፒፓ ማጨስ የከንፈር ነቀርሳ እንደሚያስከትል ገልጾ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የአፍ፣ የጕሮሮና የሳንባ ነቀርሳም እንደሚያመጣ ታውቋል። በአገራችንም አዋጅ ቊጥር 1112/2011 ትምባሆን ማስተዋወቅን፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን፣ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ መሸጥንም ከልክሏል። ሕጉ ጣዕምን የነካው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «አንድ ጨምርበት» የሚያሰኘው ነገር ጐልማሳውን ብቻ ሳይሆን ወጣቱንም ስለሚጠራ ነው። ስለዚህ ነጋዴ ከፒፓ አጫሹ ጠባይ ይማር እንጂ ትምባሆውን አይመኝ።

አሠሪዬም በሐኪም ምክር ፒፓቸውን ከተዉ ቆይተዋል። ቆርቆሮዎቹ ግን ከመሳቢያው አልወጡም፤ በአንዱ ቴምብር፣ በአንዱ የወረቀት መርፌ፣ በሌላውም የማኅተም ቀለም እናስቀምጥባቸዋለን። ከላያቸው ያለው የደንበኞች መዝገብ ነው። ከማረቆው በርበሬ አንሥቶ ለእያንዳንዱ ባለሱቅ የተላከው ምጣኔ በቀኑ ተጽፎበታል፤ ያ ያልመለሰልን ባለሱቅ ገጽም አልተሰረዘም። አንድ ቀን ቢጽፍ ምን እንደምንልክለት እናውቃለን።