ጀርባውን ገልብጠው ይዩ

ይህችን ከሻጭ አፍ ስለማይሰሟት በጆሮዎ ልንገርዎ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቻይናዋ ካንቶን፣ በዛሬዋ ጓንግዡ፣ ለአውሮፓ ደንበኞች የተሠራ ባለሥዕል የኢናሜል ሳህን ለጨረታ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ፊቱን ያያል፦ የደመቁ አበቦች፣ ከአውሮፓ የሕትመት ሥዕል የተቀዱ ወይዛዝርት፣ አንዳንዴም ያዘዘው ቤተሰብ ዓርማ። በዚህ ሙያ የቆየን ሰዎች ግን አስቀድመን የምናየው ጀርባውንና ጠርዙን ነው።

ነገሩ ከአሠራሩ ይጀምራል። ዕቃው ሸክላ ሳይሆን ስስ መዳብ ነው። ተቀጥቅጦ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ነጭ የብርጭቆ ዱቄት ይለበጥና 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እሳት ይቀልጥበታል። ከዚያ ሥዕሉ ተስሎ እንደገና እሳት ይገባል። ያ የሚማርክ ሮዝ ቀለም የሚወጣው እጅግ ከደቀቀ ወርቅ ነው። መዳብና ብርጭቆ ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይኮማተሩ አንድ ወገኑ ብቻ የተለበጠ ሳህን ይጣመማል፤ ልባጡም ይሰነጠቃል። ጀርባውም የሚለበጠው ለዚህ ነው።

ጥበቡ ወደ ቻይና የሄደው ከአውሮፓ ነው። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በአውሮፓ ኢናሜል ተማርከው በቤተ መንግሥታቸው እንዲሠራ አዘዙ። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ማቴዎ ሪፓ እንደጻፈው፣ እርሱና ሠዓሊው ጁሴፔ ካስቲሊዮኔ በዚህ ሥራ ላለመጠመድ ሲሉ ሆን ብለው አበላሽተው ሣሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተዋቸው። የካንቶን ባለሙያዎች ግን ጨክነው ያዙት። በ1716 እ.ኤ.አ. ከመካከላቸው ወደ ቤጂንግ የተላኩ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ከአውሮፓ የመጣውን ጥበብ መልሰው ለአውሮፓ መርከቦች መሸጥ ጀመሩ። የእነዚህ ሰዎች ስም በአብዛኛው አልተመዘገበም፤ የቀረልን የብሩሻቸው መስመር ብቻ ነው።

እንግዲህ የጓዳው ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ኢናሜል በየቤታችን እንደነበረው ነጭ ትሪ፣ ከወደቀ ጠርዙ ይላጣል፤ መዳቡ ብቅ ይላል። የተላጠውን እንደገና እሳት ማስገባት የቀረውን ስለሚያሰጋ ጠጋኞች በሙጫና በቀለም ይሞሉታል። በልኩ ከሆነ ክፋት የለውም። አንዳንዱ ግን የጥፍር ታህል ጉዳት ለመደበቅ መዳፍ የሚያህል ጤነኛ ሥዕል ላይ ቀለም ይረጫል። ያኔ የካንቶኑ ሠዓሊ እጅ ተሸፍኖ የጠጋኙ እጅ ይሸጣል።

መለየቱ ከባድ አይደለም፤ ከጠርዙና ከጀርባው ይጀምሩ። እውነተኛው ልባጥ ብርጭቆ ስለሆነ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ ቀለም የተቀባው ለብ ያለ ይመስላል። በማጉያ መነጽር ሲያዩት የተጠገነው ቦታ ላይ የብሩሹ መስመር ድንገት ደብዝዞ ይጠፋል። በጨለማ ክፍል አልትራቫዮሌት መብራት ሲያበሩበት የተጠገነው ቦታ ብዙውን ጊዜ ከቀረው ተለይቶ ይታያል። የቆየ ጥገና ደግሞ እየዋለ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የዕቃውን ይዞታ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጥገናው የት እንዳለ በጣት ያስጠቁሙ። እንከን አልባ ከተባለው ሳህን ይልቅ ጠርዙ ተልጦ ሥዕሉ ያልተነካውን ይምረጡ። ገዢ ሁሉ እንዲህ ከመረጠ ጉዳት መደበቅ ትርፍ አይኖረውም፤ ሥዕሎቹም በቀለም ከመቀበር ይድናሉ።