እሳቱ ሲጠፋ ሙቀቱ የት ይሄዳል?

ደባርቅ ላይ ባቄላ የሚቀቅል ሰው ማገዶ ይፈጅበታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይፈላል። አንዴ ከፈላ ደግሞ የቱንም ያህል እንጨት ቢማገድ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የሚጨመረው ሙቀት ውሃውን እንፋሎት አድርጎ ይበትነዋል። ዳባት ላይም ነገሩ ያው ነው። የሊማሊሞን ዳገት ቁልቁል ወርዶ ቆላ የገባ ሰው ግን ያንኑ ባቄላ ቶሎ ያበስለዋል።

ግፊት ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ግፊት ሲጨምር ሳይፈላ ብዙ ሙቀት ይሸከማል። የኒውክሌር ጣቢያ መሐንዲሶች ሥራቸው የተመሠረተው በዚህ ሕግ ላይ ነው። ዛሬ በዓለም በብዛት በሚሠራበት የሬአክተር ዓይነት ውስጥ የሚዘዋወረው ውሃ ከከባቢ አየር 150 እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ስለሚታፈን ከ300 ዲግሪ በላይ ሞቆም አይፈላም። ቧንቧው ቢቀደድ ግን ግፊቱ ይለቀቅና ከውሃው ከፊሉ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። የኒውክሌር ኃይል አደጋም ሆነ ደኅንነት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ፍንዳታ ነው። ባለሙያዎቹን እንቅልፍ የሚነሳቸው ግን ሙቀቱን የሚያወጣው ውሃ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። ከ16 ቀናት በኋላ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኒውክሌር ኩባንያ ከሮሳቶም ጋር ተፈራረመች። አገሪቱ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተቋቋመበት በ1957 እ.ኤ.አ. ቢሆንም የኒውክሌር መብራት ኖሯት አያውቅም። አሁን የታሰበው ጣቢያ ኃይል የሚያገኘው ከባድ አቶሞችን በመሰንጠቅ ነው። በሌላው ዓለም ደግሞ ቀላል አቶሞችን በማዋሐድ ኃይል ለማግኘት ሩጫው ተፋፍሟል። ሁለቱን በማቀዝቀዣቸውና በደኅንነታቸው በኩል ማነጻጸር የትኛውንም ዕቅድ ለመመዘን ይረዳል።

ራሱን የሚያጠፋ እሳት

ፀሐይ የምታበራው የሃይድሮጂን አቶሞችን በማዋሐድ ነው። በምድር ላይ ለዚህ የተመረጡት ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የተባሉ ሁለት የሃይድሮጂን ዓይነቶች ናቸው። ሁለቱ ተዋሕደው ሂሊየም ሲሆኑ አንድ ኒውትሮን ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ከሚገኘው ኃይል 80 በመቶውን ይዞ የሚሄደውም ይኸው ኒውትሮን ነው። ውህደቱ እንዲካሄድ ጋዙ ወደ 150 ሚሊዮን ዲግሪ መሞቅ አለበት። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ይህ አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። እንዲህ የሞቀ ጋዝ ፕላዝማ ይባላል። ፕላዝማን ችሎ የሚይዝ ብረት ስለሌለ በማግኔት ኃይል አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ተንሳፍፎ እንዲቆይ ይደረጋል።

ይህ ሁሉ ቁጥር አስፈሪ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የሚኖረው ነዳጅ ጥቂት ግራም ብቻ ነው። በእንግሊዝ ኩልሃም የነበረው ጄት የተባለው የምርምር ማሽን በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. 69 ሜጋ ጁል ኃይል ሲያስመዘግብ የፈጀው ነዳጅ 0.2 ሚሊ ግራም ነበር። ነዳጁ ካልተጨመረ፣ ማግኔቱ ከደከመ ወይም ጥቂት አየር ወደ ክፍሉ ከገባ ፕላዝማው ወዲያው ቀዝቅዞ ይጠፋል። አቶም በሚሰነጥቅ ሬአክተር ውስጥ አንዱ ስንጥቀት ሌላውን እየቀሰቀሰ ይቀጥላል፤ እዚህ ግን የሚቀጥል ሰንሰለት የለም። ሚያዝያ 1986 እ.ኤ.አ. ቼርኖቤል ላይ እንደደረሰው ያለ ከቁጥጥር የወጣ የኃይል ፍንዳታ በውህደት ማሽን ውስጥ ሊከሰት አይችልም።

ከእሳቱ በኋላ የሚቀረው

የፉኩሺማን አደጋ ያመጣው ግን የእሳቱ መንደድ አልነበረም። መጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ መሬት ሲንቀጠቀጥ እየሠሩ የነበሩት ሬአክተሮች እንደታቀደው ወዲያው ቆመው ነበር። ችግሩ የተከተለው ሱናሚው የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን ሲያጥለቀልቅ ነው። አቶም የሚሰነጥቅ ሬአክተር በጠፋባት ቅጽበት እንኳ ነዳጁ የሙሉ ኃይሉን ከ6 እስከ 7 በመቶ ያህል ሙቀት ማመንጨቱን አያቆምም። ሙሉ ሙቀቱ 3,000 ሜጋ ዋት ከሆነ፣ ከጠፋ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች የሚቀረው ወደ 200 ሜጋ ዋት ነው። የሰሜን ተራሮችን ውሃ የሚቀበለው የተከዜ ግድብ በሙሉ አቅሙ የሚያመነጨው 300 ሜጋ ዋት እንደሆነ ያስታወሰ የመጠኑን ግዝፈት ይረዳል። ፉኩሺማ ላይ ይህን ሙቀት የሚያወጡት ፓምፖች መብራት ሲያጡ የሦስት ሬአክተሮች እምብርት ቀለጠ።

የውህደት ማሽን ከዚህ ነጻ አይደለም። ኒውትሮኖቹ የማሽኑን ብረት ሲደበድቡት ብረቱ ራሱ ጨረር አመንጪ ይሆናል፤ ፕላዝማው ከጠፋ በኋላም ለጊዜው መሞቁን ይቀጥላል። ልዩነቱ በመጠኑና በስርጭቱ ነው። ቀሪው ሙቀት በንጽጽር አነስተኛ ነው፤ በትንሽ እምብርት ውስጥ ከመታጨቅ ይልቅ በሺህ ቶን በሚቆጠር ብረት ላይ ተበትኗል። ስለዚህ ንድፍ አውጪዎቹ ግብ አድርገው የያዙት ፓምፖች ሁሉ ቢቆሙ እንኳ የሞቀ ፈሳሽ ወደ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘው በሚወርድበት የተፈጥሮ ዝውውር ብቻ ሙቀቱ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

150 ሚሊዮን ዲግሪና ከዜሮ በታች 269

በደቡብ ፈረንሳይ ካዳራሽ የሚገነባው ኢተር የዚህ ሥራ ትልቁ መፈተኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሩሲያና አሜሪካ በ2006 እ.ኤ.አ. ስምምነቱን ፈርመው በጋራ ይሠሩታል። ዓላማው በ50 ሜጋ ዋት ማሞቂያ 500 ሜጋ ዋት የውህደት ኃይል ማግኘት ነው፤ መብራት ግን አያመነጭም። ሙቀቱን የማቀዝቀዣ ውሃ ተሸክሞ ወደ ማማዎች ይወስደውና ወደ አየር ይለቀዋል።

የማቀዝቀዝ ሥራው ሁለት ተቃራኒ ፊት አለው። በአንድ በኩል ፕላዝማውን የሚይዙት ግዙፍ ማግኔቶች በሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ መቀዝቀዝ አለባቸው። በሌላ በኩል ከእነሱ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ያለው የማሽኑ ወለል የፕላዝማውን ትርፍ ሙቀት ይቀበላል። በዚህ ወለል ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 10 ሜጋ ዋት፣ ለአጭር ጊዜም እስከ 20 ሜጋ ዋት ያርፋል።

ያን ሙቀት የሚቀበለው ክፍል ቀረብ ብሎ ሲታይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሆነ የተንግስተን ጡብ ነው። ተንግስተን ከብረቶች ሁሉ በላይ ሙቀት የሚችል፣ በ3,422 ዲግሪ የሚቀልጥ ነው። ጡቡ መሐሉ ተበስቶ የመዳብ ቅይጥ ቧንቧ ተሰክቶበታል፤ በቧንቧው ውስጥ ደግሞ የተጠማዘዘ ስስ የብረት ሪባን አለ። ውሃው ሪባኑን ተከትሎ እየተሽከረከረ ስለሚያልፍ የቧንቧውን ግድግዳ ያለማቋረጥ ያጥበዋል፤ እንፋሎት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሙቀቱን እንዳያፍነውም ያደርጋል። ከእንዲህ ዓይነት ጡብ ብዙ ሺህ ተደርድረው ነው ወለሉ የሚሠራው።

ከነዚህ ቧንቧዎች አንዱ ቢፈነዳ ውሃው አየር ወደሌለበት ክፍል ይገባል። ፕላዝማው ወዲያው ይጠፋል፤ ውሃው ግን እንፋሎት ሆኖ ክፍሉን ይገፋዋል። ለዚህ ሲባል ግፊቱ ከወሰን ሲያልፍ የሚከፈት መውጫ ተዘጋጅቷል፤ እንፋሎቱም ቀዝቃዛ ውሃ ወደያዙ ታንኮች ገብቶ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ሌላም ስጋት አለ። እንፋሎት የጋለ ብረት ሲነካ ሃይድሮጂን ሊፈጠር ይችላል፤ ፉኩሺማ ላይ ሕንፃዎቹን ያፈነዳው ሃይድሮጂን ነበር። ኢተር በመጀመሪያ የውስጥ ግድግዳውን ከቤሪሊየም ሊሠራ አስቦ ነበር። ቤሪሊየም ግን ከእንፋሎት ጋር ሃይድሮጂን ያመነጫል፤ ብናኙም መርዛማ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በቀረበው አዲስ ዕቅድ ግድግዳው ወደ ተንግስተን ተቀየረ።

ሁለት ሚሊ ሜትር ስንጥቅ

በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ኢተር መጥፎ ዜና ይፋ አደረገ። ማግኔቶቹን ከሙቀት የሚከልሉት በብር የተለበጡ ሰሌዳዎች ላይ የተበየዱት የማቀዝቀዣ ቧንቧዎች ተሰንጥቀው ተገኙ። ስንጥቁ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው። ሰሌዳዎቹ በብር ከመለበጣቸው በፊት ከተደረገው ዝግጅት የተረፈ ክሎሪን ብየዳው አጠገብ ባሉ ጠባብ ኪሶች ውስጥ ቀርቶ ብረቱን ቀስ በቀስ በልቶታል። የቧንቧዎቹ ጠቅላላ ርዝመት ወደ 23 ኪሎ ሜትር ነው። ጥገናው በቦታው የሚሆን ስላልነበር ማሽኑ በሚገጣጠምበት ጉድጓድ ውስጥ የተተከለው ግዙፍ ክፍል በ2023 ክረምት ወጥቶ እንዲፈታ ተደረገ። ከዚያ ቀደም፣ በ2022 መጀመሪያ፣ የፈረንሳይ የኒውክሌር ደኅንነት ባለሥልጣን ያነሳቸው ጥያቄዎች እስኪመለሱ ድረስ የዋናው ክፍል ብየዳ እንዳይጀመር አግዶ ነበር። በአዲሱ ዕቅድ መሠረት ምርምሩ በ2034፣ በዲዩቴሪየምና በትሪቲየም የሚደረገው ሥራ ደግሞ በ2039 ይጀምራል።

ታሪኩ ሁለት ነገር ያሳያል። የውህደት ጣቢያን ሥራ ዓመታት ሊያዘገየው የሚችለው የፕላዝማው ፊዚክስ ብቻ ሳይሆን በአግባቡ ያልታጠበ ብየዳም ነው። ሁለተኛው፣ ሰባት ታላላቅ ባለቤቶች ያሉትን ፕሮጀክት እንኳ “ቁም” ሊለው የሚችል ነጻ ተቆጣጣሪ መኖሩ ነው።

ውሃ፣ ሊቲየምና ተቆጣጣሪ

ከደባርቅ ወደተነሳንበት ደጋ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች እንመለስ። ተራሮቹ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸውና ማንም እዚያ ጣቢያ ይሠራል የሚል የለም። ለማመዛዘን ያህል ግን ደጋው ጥሩ መለኪያ ነው። 1,000 ሜጋ ዋት መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ፣ በስንጠቃም ይሁን በውህደት ቢሠራ፣ ወደ 2,000 ሜጋ ዋት ሙቀት ወደ አካባቢው መልቀቅ አለበት። በእንፋሎት ማማ ከሆነ የሚተነው ውሃ በቀን 60 ሺህ ሜትር ኩብ ይጠጋል። ከሰሜን ተራሮች እንደ በለገስና እንዞ ያሉ ወንዞች ወደ ተከዜ ይወርዳሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው ይፈስሳሉ፣ በበጋ ግን ይመነምናሉ። ጣቢያ ደግሞ በሚያዝያም ሙቀት ያመነጫል። በረሃ ውስጥ ያለው የአሜሪካ ፓሎ ቬርዴ ጣቢያ ይህን የውሃ ችግር የፈታው የከተሞችን ፍሳሽ አጣርቶ በመጠቀም ነው። የደጋው ቀዝቃዛ አየር ሙቀትን ለማስወገድ ይረዳል፤ አየሩ ስስ መሆኑ ግን በተመሳሳይ መጠን አየር የሚወጣውን ሙቀት ይቀንሰዋል። ክፍት የመጠባበቂያ ገንዳም እዚህ በ90 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ንድፍ ሳይከለስ ለኢትዮጵያ ደጋ አይሆንም።

የመሬት መንቀጥቀጡም መዘንጋት የለበትም። በ2017 ዓ.ም በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተደጋጋሚ በደረሰው መንቀጥቀጥ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተነስተዋል። ቦታ መረጣ ከስምጥ ሸለቆው ጠባይ መነሳት አለበት።

ትሪቲየም ሌላው ፈተና ነው። በተፈጥሮ አይገኝም ማለት ይቻላል። ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት ሲሆን ከውሃ ጋር ተዋሕዶ በሰውነት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በጋለ ብረት ውስጥም ሰርጎ ያልፋል። ስለዚህ የማቀዝቀዣው ውሃ ያለማቋረጥ መጣራት አለበት። 1,000 ሜጋ ዋት የውህደት ኃይል ዓመቱን ሙሉ ለማመንጨት ወደ 56 ኪሎ ግራም ትሪቲየም ስለሚያስፈልግ ጣቢያው ራሱ በኒውትሮን ከሊቲየም ማምረት ይኖርበታል። በዚህ በኩል ጉጂ ዞን የሚገኘው የቀንጢቻ ማዕድን፣ ለዓመታት በታንታለም የታወቀው፣ ሊቲየምም እንዳለው መታወስ አለበት።

የውህደት ኃይል ደኅንነት ከስንጠቃው የተሻለ ነው የሚለው ፍርድ ትክክል ነው። ብሪታንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የውህደት ጣቢያዎችን ለኒውክሌር ሬአክተሮች ከተዘረጋው ፈቃድ አውጥታ በአካባቢና በሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች ሥር ያደረገችውም ለዚህ ነው። ለኢትዮጵያ ግን በቅርብ ያለው የስንጠቃ ጣቢያ ነው፤ ያ ደግሞ ከጠፋ በኋላም ለቀናትና ለወራት ማቀዝቀዝ የሚሻ ነው። ስለዚህ ቦታው ከመመረጡና መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎች በአደባባይ መልስ ማግኘት አለባቸው። መብራት ሁሉ ቢጠፋ ሙቀቱን የሚያወጣው ምንድን ነው? በበጋ ውሃው ከየት ይመጣል? እያንዳንዱን ብየዳ መርምሮ ሥራውን የማስቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው? የደባርቅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስና የምህንድስና መምህራንም ተማሪዎቻቸውን እነዚህን ጥያቄዎች እንዲጠይቁ፣ መልሱንም በስሌት እንዲፈትሹ ከዛሬ ጀምሮ ያሠልጥኗቸው።