ከአናታችን በላይ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ

ወደ ላይም ወደ ታችም መዘንበል የምትችል የማግኔት መርፌ ለንደን ውስጥ ብትሰቀል ጫፏን ወደ መሬት ትደፋለች። አዲስ አበባ ላይ ግን አግድም ትጋደማለች ማለት ይቻላል። የምድር መግነጢሳዊ መስክ እዚህ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተዘርግቷል። እንዲህ ያሉ ቦታዎችን የሚያገናኘው መስመር የመግነጢስ ወገብ ይባላል። ካርታ ላይ ከምናውቀው የምድር ወገብ ጋር አይገጥምም፤ ፔሩ ላይ ከእሱ በስተደቡብ፣ ናይጄሪያ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ ሕንድ ላይ ደግሞ በስተሰሜን ያልፋል። ስለ ሕዋ ፕላዝማ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ፀሐይና ሩቅ ከዋክብት ናቸው። የመግነጢስ ወገብ ለሚያልፍብን ለእኛ ግን ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከራሳችን ሰማይ ነው።

ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ሲሉ የፀሐይ አልትራቫዮሌትና ኤክስ ጨረር ከአየሩ ቅንጣቶች ኤሌክትሮን ይነጥቃል። የተነጠቁት ኤሌክትሮኖችና የቀሩት አዮኖች ፕላዝማ ይሆናሉ። በዚህ ከፍታ የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። ቀላሉ ኤሌክትሮን በመግነጢሳዊው መስክ ዙሪያ እየተሽከረከረ ለመስኩ ይታዘዛል። ከባዱ አዮን ግን ከአየሩ ጋር ደጋግሞ ስለሚጋጭ መስኩን ለመከተል ፋታ የለውም።

ቀን ላይ የላይኛው አየር በፀሐይ ሙቀት ይንቀሳቀሳል። ኤሌክትሪክ አስተላላፊ አየር መስኩን አቋርጦ ሲነፍስ ዲናሞ የሚሠራበት ሕግ እዚያም ይሠራል፤ ወደ ምሥራቅ ያቀና ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። ኤሌክትሮኖቹ ግን በተገፉበት አቅጣጫ አይሄዱም፤ መግነጢሳዊው መስክ ጠምዝዞ ወደ ላይ ያንሳፍፋቸዋል። አዮኖቹ አየሩ ይዟቸው ከታች ይቀራሉ። ከላይ ኔጌቲቭ፣ ከታች ፖዘቲቭ ቻርጅ ይጠራቀማል፤ ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ የበረታ፣ ሽቅብ የቆመ ሌላ የኤሌክትሪክ መስክ ይወለዳል። ይህኛው በተራው ኤሌክትሮኖቹን በዚያው ሕግ ወደ ምዕራብ ያነጉዳቸዋል። ኤሌክትሮን ወደ ምዕራብ ነጎደ ማለት የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ወደ ምሥራቅ ነው ማለት ነው። መጠኑም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አምፔር ይደርሳል!

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የመስኩ አግድም መጋደም ነው። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ቢኬድ መስኩ ያዘነብላል፤ የተጠራቀመው ቻርጅ በመስኩ መስመሮች እየሾለከ ያመልጣል፤ ፍሰቱም ይደክማል።

ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው ፔሩ ውስጥ ሁዋንካዮ በሚገኘው የመግነጢስ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የተመዘገበው የመስኩ የቀን ለውጥ ከሌሎች ጣቢያዎች እጅግ በልጦ ተገኘ። እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1951 ለፍሰቱ «ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት» የሚል ስም ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲካሄድ አዲስ አበባም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዊን የመሩት የራሷ ጣቢያ ኖራት። የመስኩን ብርታት የሚለካው ማግኔቶሜትር የሚስለው መስመር ሌሊቱን ዝም ብሎ ያድርና ጠዋት ላይ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፤ 5 እና 6 ሰዓት ገደማ ጫፍ ይደርሳል፤ ማታ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፍሰቱ የሚፈጥረው ጭማሪ ከጠቅላላው መስክ ከ1,000 ሁለት ወይም ሦስት እጅ ብቻ ነው። ቢሆንም በየቀኑ ማለት ይቻላል ያንኑ ኮረብታ ይስላል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሌላ ነገር ይመጣል። ታችኛው ፕላዝማ ኤሌክትሮኖቹና አዮኖቹ መልሰው ስለሚገናኙ ቶሎ ይከስማል፤ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው ግን ይቆያል፤ እንዲያውም በምሽቱ የኤሌክትሪክ መስክ ወደ ላይ ይነሣል። ያኔ ጥቅጥቁ ፕላዝማ ከላይ፣ ስሱ ከታች ይሆናል፤ ዘይት ላይ ውኃ እንደ ማፍሰስ ነው። ስሱ ክፍል በጥቅጥቁ ውስጥ ሰርስሮ ይወጣል። እነዚህ የፕላዝማ አረፋዎች አንዳንዴ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃሉ። የጂፒኤስ ሳተላይት ሞገድ በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባል፤ መቀበያውም ሳተላይቱን ሊስት ይችላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ በተለይ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ይበረታሉ።

ተመራማሪዎች አረፋ የሚበዛበትን ወቅት በደንብ ያውቃሉ። ዛሬ ማታ ይፈጠራል ወይስ አይፈጠርም የሚለውን መተንበይ ግን እስካሁን አስቸጋሪ ነው፤ ፀሐይዋም መስኩም ያው ሆነው አንዱ ምሽት ጸጥ ይላል፣ ማግስቱ ይናወጣል። ይህን ለመፍታት የመግነጢስ ወገብ በሚያልፍበት ምድር ላይ፣ አገራችንንም ጨምሮ፣ ሌት ተቀን የሚለኩ ብዙ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ።